ደብሩና ትምህርት ቤቱ በአንድ ሚዛን
ከወገዳ አካባቢ የሚነሳ ጥያቄ

መግቢያ

ስለ ትውልድ አካባቢዬ በመገናኛ ብዙኃን የሚወጡ ጽሑፎችን የማገኛቸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የባህልና የቱሪዝም ዓምድ ነው። እዚያ ላይ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የሊቃውንት አገር፣ የድጓና የዝማሬ ምንጭ፣ የጥንታዊ አድባራት መገኛ ተብለው ይወደሳሉ። ሁለተኛው የዜና ገጽ ነው። እዚያ ደግሞ ስማቸው የሚነሳው ከዝናብ እጥረት፣ ከሴፍቲ ኔት፣ ከጦርነት ወይም ከፈተና ውጤት ማሽቆልቆል ጋር ተያይዞ ነው። ሁለቱ ዓይነት ጽሑፎች አንድ ገጽ ላይ ተገናኝተው አይቼ አላውቅም። የሚገርመው ግን በሁለቱም ውስጥ የሚኖረው ልጅ አንድ መሆኑ ነው። እሁድ በጥንታዊው ደብር ቅጥር ግቢ የሚውለውና ሰኞ መጽሐፍ በሌለበት ክፍል የሚቀመጠው ያው ልጅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ገጾች አጠገብ ለአጠገብ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ወላጅ ልጁን ታሪክና ወግ ባለው፣ ሰው ሁሉ በስሙ በሚያውቀው ቀዬ ያሳድግ? ወይስ የተሻለ ትምህርት ቤት ፍለጋ ገና በልጅነቱ ወደ ከተማ ይላከው? የተወለድኩት በወገዳ ዙሪያ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ስለሆነ ጉዳዩን ከሩቅ ሆኜ የማየው አይደለም። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ ስለ ሚዛናዊ ዘገባ የተማርነውን ይዤ ለማየት እጥራለሁ።

አካባቢውን ለማያውቁት ትንሽ ልበል። ወገዳ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የምትገኘው በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከወረታ ወደ ወልድያ ከሚወስደው ዋና መንገድ ወደ ደቡብ ወጣ ብላ ነው። ወረዳውን ከጎጃም ዓባይ፣ ከወሎ ደግሞ በሽሎ ይለዩታል። ጎረቤቶቹ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና እስቴ ናቸው። «ደብር» የምለውም ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያለውን መንደር፣ ሰንበቴውን፣ ማኅበሩን፣ ደቦውን፣ ዕድሩን፣ ዝክሩን ጨምሬ ነው። ሰው «የእኛ አገር» ሲል የሚታየው ይህ ሁሉ አንድ ላይ ነው።

ደብሩ ምን ይሰጣል?

በአብነት ትምህርት ዓለም የጋይንት ስም ትልቅ ነው። አንድ የድጓ ተማሪ የትም አገር ተምሮ ይምጣ፣ ምስክር ለመሆን የሚሄደው ጋይንት ቤተልሔም ነው። እዚያ ያለው መምህር ሰምቶት፣ ዜማውን መርምሮ፣ «መምህር መሆን ይችላል» ካላለ ድጓን ለማስተማር የሚያበቃ ሙሉ ማዕረግ አለው አይባልም። ዝማሬና መዋሥዕትን ለሚማር ደግሞ ማስመስከሪያው እዚያው ጋይንት ያለው ዙር አምባ ነው። በትውፊት ቅዱስ ያሬድ ራሱ ዙር አምባ ላይ ተቀምጦ አስተምሯል ይባላል። አንድ ገጠር ውስጥ፣ መኪና በደንብ በማይገባበት ተራራ ላይ፣ ለመላው አገር የሚያስመሰክር ማዕከል መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። በዛሬ አነጋገር ብንለው፣ የአገር አቀፍ የብቃት ማረጋገጫው የሚሰጠው ጋይንት ገጠር ውስጥ ነው ማለት ነው።

ቤተልሔም በሌላም ነገር ትታወቃለች። በ1940ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር፣ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ እዚያ ደርሶ ነበር። ከውጭ ሲታይ እንደማንኛውም የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ነው። ውስጡ ሲገባ ግን ከክቡ ክዳን ሥር በመካከለኛው ዘመን የተሠራ፣ አራት ማዕዘን የሆነ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ፓከንሃም በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለዚሁ ጽፏል፤ ከዚያ በኋላም የታሪክና የሥነ ሕንፃ አጥኚዎች ትኩረት ሆናለች። ተጓዡ «አገኘ» ይባል እንጂ የአካባቢው ሰው መቼም ጠፍቶበት አያውቅም። የሣር ክዳኑን እያደሰ፣ የውስጡን ድንጋይ ከዝናብ እየጠበቀ ለዘመናት ያቆየው ገበሬው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከታሪኩ ባሻገር የዕለት ኑሮው አለ። በደብሩ ዙሪያ የሚያድግ ልጅ ብቻውን አያድግም። ቢያጠፋ የጎረቤት ሽማግሌ ይቆጣዋል፤ ቢርበው የጎረቤት ቤት ገብቶ ይበላል፤ ቢታመም እናቱ ሳትሰማ በፊት ሰፈሩ ይሰማል። ለቅሶውን፣ ሠርጉን፣ ጥምቀቱን እያየ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ይማራል። ይህን በየትኛውም ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር የለም። ከተማ ገብተን የምንኖር ተማሪዎች የሚጎድለን ምን እንደሆነ የገባን ከወጣን በኋላ ነው።

ግን ደግሞ ማስዋብ አይገባም። ለጎብኚ ውብ የሆነው የሣር ቤት ለሚኖርበት ሰው ጭስ ነው። ለፎቶ የሚያምረው ገደል ውኃ ቀድታ ለምትወጣ ልጅ የአንድ ሰዓት ዳገት ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቀፉት የምግብ እጥረት ያለባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። እንግዲህ «ውብ ቀዬ» ስንል ይህንንም አብረን መቁጠር ይኖርብናል።

ትምህርት ቤቱስ?

ወደ ሁለተኛው የሚዛን ወገን ስንመጣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻል አለ ሊባል ይችላል፤ ቢሆንም ከ100 ተፈታኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት ግማሹን አላመጡም። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ኩረጃ ሲቀር እውነቱ ወጣ ያሉ አሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የወጣው እውነት የተማሪው ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱም ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላይ ጋይንት ደርሶ፣ ነፋስ መውጫ ከተማ ለቀናት በጦርነቱ ውስጥ ቆይታለች። ያ አልፎ ሰው ትንፋሽ ሳያገኝ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ግጭት ተቀሰቀሰ። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆኑ። ለአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ማለት ማንበብ የሚለምድበት ጊዜ ማለት ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ልጁ ወደ ክፍል ሲመለስ ዕድሜው ከክፍሉ፣ ክፍሉም ከችሎታው ጋር አይገጥምም።

ከራሴ ልጨምር። የመጀመሪያ ደረጃ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ እሱን የሚመስሉ ብዙ ናቸው። አንድ መጽሐፍ ለአምስት እንካፈል ነበር። ሳይንስ ስንማር «በቤተ ሙከራ እንደምታዩት» የሚል አረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ወደ ደብተራችን እንገለብጣለን፤ ቤተ ሙከራ የሚባል ግን አልነበረም። መምህራኑ ሰነፍ ነበሩ ለማለት ፈጽሞ አልደፍርም። ከሌላ ወረዳ የሚመደቡ ወጣቶች ናቸው፤ የሚከራዩት ደህና ቤት የለም፤ ደመወዛቸው ከወር ወር አያደርስም። ስለዚህ ገና ከመምጣታቸው ዝውውር ይጠይቃሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የሒሳብ መምህር የተቀያየረብን ጊዜ ነበር። ሦስቱም ከምዕራፍ አንድ ነበር የጀመሩት።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ቤተሰቦቼ ወደ ከተማ ላኩኝ። ከሁለት ልጆች ጋር በደባልነት አንዲት ክፍል ተከራየን። ቅዳሜ ወደ ቤት፣ እሁድ ማታ ስንቅ ተሸክሞ ወደ ከተማ። ሰኞ እንጀራው ትኩስ ነው፤ ሐሙስ ድርቆሽ ነው፤ ዓርብ በሶ ነው። የከተማው ትምህርት ቤትም ቢሆን ገነት አልነበረም። ግን መምህራኑ ዓመቱን ሙሉ ነበሩ፣ ቤተ መጻሕፍት ነበረው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያጠኑ ልጆች ነበሩበት። በ2016 ዓ.ም. ተፈትኜ ካለፉት ጥቂቶች አንዷ ሆንኩ። አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ እዚያው ቀዬአችን ቀርታ ነበር። ከእኔ የበለጠ ጎበዝ ነበረች፤ ይህን ለትሕትና የምለው አይደለም፣ ሒሳብ የምታስረዳኝ እሷ ነበረች። ዛሬ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ናት። ኑሮዋን ዝቅ አድርጌ አላይም፤ ጥያቄው ምርጫ ነበራት ወይ የሚለው ነው።

ሚዛኑ አንድ ቤት ውስጥ ሲገባ

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ለዕረፍት ቤት በገባሁ ጊዜ ይህ ጉዳይ እንደገና ተነሳ። ታናሽ ወንድሜ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሷል። አባቴ ደብረ ታቦር ሊልከው ቆርጧል። አያቴ ከመነኮሱ ቆይተዋል፤ ሁላችንም «እማሆይ» ነው የምንላቸው። እንዲህ ተባባሉ።

«እማሆይ፣ ልጁ እዚህ ቆይቶ ምን ሊሆን ነው? መምህሩ ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል። መጽሐፍ የለ፣ ምን የለ» አለ አባቴ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ መማሩን መች ጠላሁ?» አሉ እማሆይ። «የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብቻውን በሰው ጓዳ ሲያድር በልቷል አልበላም የሚለው ማን ነው? ቢታመምስ? እዚህ እኮ ቢያጠፋ የሚቆጣው አገር አለው።»

«ቁጣ ፈተና አያሳልፍም፣ እማሆይ።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እስቲ ንገረኝ» አሉ። «የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን በደቦ ነው የምናድሰው። የዚያ ትምህርት ቤት ጣራ በነፋስ ከተገነጠለ ስንት ክረምት አለፈው? የማነው እሱ?»

«የመንግሥት ነዋ!»

«ልጆቹስ የማን ናቸው?»

አባቴ መልስ አልሰጠም። እኔን ዞር ብለው «አንቺስ ከተማውን አይተሽው የለ፣ እስቲ ተናገሪ» ሲሉኝ ከሁለቱም ጋር ተስማማሁ። ይህ ከሽማግሌ ፊት ለማምለጥ የተባለ ሊመስል ይችላል፤ ሁለቱም ልክ ስለነበሩ ነው። ወንድሜ መስከረም ላይ ደብረ ታቦር ገባ፤ የአጎቴ ልጅ ያለበት ቤት ነው። የእማሆይ ጥያቄ ደግሞ ሰንበቴ ላይ ተነሳ። ወንዶቹ አንድ ቅዳሜ ወጥተው የትምህርት ቤቱን ጣራ መልሰው መቱት፤ አንድ ሰው ለመምህር የሚሆን ክፍል ያለ ኪራይ ለቀቀ። ጣራው ተመታ ማለት ትምህርቱ ተጠገነ ማለት አይደለም። ግን ቢያንስ ጥያቄው ባለቤት አገኘ።

የእኛ ብቻ ጉዳይ ነውን?

ይህ የደብርና የትምህርት ቤት ሚዛን የገጠር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባን እንውሰድ። አራዳና አካባቢዋ የከተማዋ ጥንታዊ ሰፈር ናቸው። የአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱትም በዚያው ዙሪያ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም.። በዚያ ዘመን ጥንታዊ ሰፈር መኖርና ጥሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማግኘት የሚጋጩ ነገሮች አልነበሩም። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ትምህርት ቤቶች በብዛት ሲከፈቱ ግን አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን ወደዚያ ወሰደ። ሰፈሩ ውስጥ እየኖረም ቢሆን የሰፈሩን ትምህርት ቤት ተወው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ የቀረው ሌላ አማራጭ ለሌለው ልጅ ነው።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ ከኮሪደር ልማቱ ጋር ተያይዞ ፒያሳ ላይ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎችም ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወሩ። ስለ ሕንፃዎቹና ስለ ታሪኩ ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ የሆነው የትምህርት ዘመኑ ሳያልቅ ነበር። ተማሪ ያለው ቤተሰብ ሰፈሩን፣ ጎረቤቱንና የልጁን ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ ነው የሚያጣው። ሰፈርና ትምህርት ቤት ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ከአገር ውጭም ነገሩ አለ። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ከፊሉ የሚገኘው ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ነው። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ወላጅ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱን አይቶ ነው የሚገዛው። አሮጌ ውብ ሰፈር የሚወዱ ወጣት ባልና ሚስቶች ልጅ እስኪወልዱ ይኖሩበትና ልጁ ለትምህርት ሲደርስ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ። የእነሱ መኪና፣ የእኛ የስንቅ አህያ ካልሆነ በቀር የወላጅ ጭንቀቱ ያው ነው።

ከሦስቱም ቦታ አንድ ነገር እንማራለን። ትምህርት ቤት ሲዳከም መጀመሪያ የሚወጡት ድምፅ ያላቸውና አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ ተነስቶ «መጽሐፉ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ልጁን ከወሰደ በኋላ አይጠይቅም፤ አይፈረድበትምም። እሱ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ይበልጥ ይዳከማል፤ ሲዳከም ደግሞ ቀጣዩ ይወጣል። እያንዳንዱ ወላጅ ለልጁ ትክክለኛውን ነገር ሲያደርግ ትምህርት ቤቱ ባዶ ይቀራል። አባቴ ትክክል ነው የምለው በልጁ በኩል ነው፤ እማሆይ ትክክል ናቸው የምለው በቀሩት ልጆች በኩል ነው።

የአብነት ትምህርት ቤቱ ለምን ቆመ?

አሁን ወደ ያዝነው ነጥብ እንመለስ። በዚያው ድሃ ወረዳ፣ በዚያው ድርቅ ውስጥ፣ ቤተልሔምና ዙር አምባ ለዘመናት ትምህርት ቤት ሆነው ቆይተዋል። እንዴት? የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበራቸው የሚል መልስ ይሰጣል፤ ልክ ነው። ነገር ግን በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ያ ድጋፍ ቀረ፤ ትምህርቱ ግን አልቆመም። እኔ እስከገባኝ ድረስ ያቆዩት ቢያንስ ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ መምህሩ ነዋሪ ነው። የኔታ የሚኖሩት ከተማሪዎቻቸው ጎጆ አጠገብ ነው፤ ዝውውር የሚባል ነገር የለም። ብዙዎቹ ወንበር ከያዙበት ቦታ የሚነሱት ሲሞቱ ነው። አንድ ተማሪ ዜማ ቤት ለዓመታት ሲቀመጥ የሚሰማው አንድ ጆሮ ነው፤ የት ቦታ እንደሚሳሳት መምህሩ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ተማሪው አስተማሪም ነው። ከፍ ያለው ለጀማሪው ቀለም ይነግራል። አንድ መምህር ብዙ ተማሪ የሚይዘው በዚህ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የክፍል መጨናነቅን ሲያወሩ ይህን ዘዴ ግን ብዙም አያነሱትም።

ሦስተኛ፣ የሚመግበው ሰፈሩ ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ ሲለምን ባላገሩ ቁራሹን ይሰጠዋል። የሚሰጠው ልጅ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ከጎጃም ይምጣ ከሸዋ፣ «ተማሪ ነው» ይባላል፤ አለቀ። ትምህርት ቤቱ የእኛ ነው የሚለው ስሜት በየቀኑ በየደጁ ይታደሳል ማለት ነው።

ይህን ስል የድሮውን እንመልስ እያልኩ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ረኀብና ዱላ ነበረበት። ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ በሩ ተዘግቶባታል። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ፣ ዓይነ ስውር ሆነው ጎጃም ውስጥ የቅኔ መምህር እስከመሆን የደረሱ ሴት ሊቅ መኖራቸው የሚያኮራ ቢሆንም፣ ስማቸው እስከዛሬ ተነጥሎ የሚጠራው ብዙ ስላልነበሩ ነው። እኔም በዚያ ሥርዓት ብወለድ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍ አይመስለኝም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሴት ልጅ በሩን የከፈተ ነው፤ ስለዚህ ሲዳከም መጀመሪያ የምትጎዳው እሷ ናት። ወንድ ልጅ ከተማ ገብቶ ቤት ይከራያል። ሴት ልጅን ብቻዋን ለመላክ ግን ብዙ ወላጅ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ከአብነቱ የሚወሰደው ሥርዓተ ትምህርቱ ሳይሆን ባለቤትነቱ ነው። ይህ በሌላ መስክ ሲሠራ ታይቷል። አብዛኞቻችሁ በ«እመጓ»ና በ«ዝጎራ» መጻሕፍት የምታውቋቸው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል። ደኖቹ ከዳር እየተበሉ፣ ከብት እየገባባቸው ሲመናመኑ፣ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው የድንጋይ ካብ እንዲሠራላቸው አደረጉ። የውጭ ድጋፍ ነበረበት። ግን ድንጋዩን ከየማሳው ለቅሞ ያመጣውና የካበው የአካባቢው ሰው ነው። ማሳው ጸዳለት፣ ደኑም ተጠበቀለት። ለደን የተቻለ ካብ ለትምህርት ቤት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» በሚል መንግሥት የጀመረው ንቅናቄ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያሻሽል የሚጠይቅ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ሰው ገንዘብና ጉልበት ሲያዋጣ መጠየቅም ካልተፈቀደለት፣ መዋጮው እንደ ግብር ይቆጠራል። ሰንበቴ ላይ የሚያዋጣ ሰው ሙዳዩን ያውቀዋል፤ ማን እንደያዘው፣ ስንት እንዳለበት ያውቃል። ትምህርት ቤቱም እንዲህ ሊታወቅ ይገባል። ደግሞም ኅብረተሰቡ ጣራ ይመታል፣ ለመምህር ማደሪያ ይሰጣል እንጂ የመምህር ደመወዝ፣ መጽሐፍና ሰላም የመንግሥት ግዴታ ናቸው። ደቦ ለእነዚህ ምትክ አይሆንም።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

በዚህ ትምህርት ክፍል ሚዛናዊነት ማለት ለሁለት ወገን እኩል መስመር መስጠት ብቻ እንዳልሆነ ተምረናል። በእኔ ግምት በዚህ ጉዳይ ሚዛኑ የሚዛባው ገና ዓምዱ ሲመረጥ ነው። ደብሩ ወደ ባህል ገጽ፣ ትምህርት ቤቱ ወደ ዜና ገጽ ከተከፈለ አንባቢ ሁለቱን መመዘን አይችልም። ስለዚህ ወደዚህ ዓይነት አካባቢ ለዘገባ የሚሄድ ሰው ቢያንስ የሚከተሉትን ቢጠይቅ እላለሁ።

አንድ፣ ቅርሱን የሚጠብቁት እነማን ናቸው? ልጆቻቸውስ የት ይማራሉ? ስለ ቤተልሔም የሚጽፍ ሰው ከካህናቱ ጋር ካወራ በኋላ የአጥቢያው ትምህርት ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ጽሑፉ ይለወጣል።

ሁለት፣ ከመቶኛው ጀርባ ያለው ምንድን ነው? «አንድም ተማሪ አላሳለፈም» ከማለት በፊት በዚያ ዓመት ስንት ቀን ትምህርት ተሰጠ? መምህራኑ ስንት ዓመት ቆዩ? መጽሐፍ ለስንት ተማሪ ስንት ደረሰ? እነዚህ በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ የሚገኙ፣ ጠይቆ ማየት የሚቻሉ ነገሮች ናቸው።

ሦስት፣ የወጡትን ብቻ ሳይሆን የቀሩትን እንጠይቅ። ወደ ከተማ የመጣው ልጅ ታሪኩን ይናገራል፤ እኔም እየተናገርኩ ነው። የቀረችው ጓደኛዬ ግን ማይክራፎን ፊት ቆማ አታውቅም።

አራት፣ ወላጅን ከመውቀስ እንጠንቀቅ። ልጁን የላከ «አገሩን የጠላ» አይደለም። ያስቀረም «ኋላ ቀር» አይደለም። ሁለቱም የሚመዝኑት በእጃቸው ባለው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት፣ የጥንታዊ ቀዬ ኑሮና የተዳከመ የመንግሥት ትምህርት ቤት በሚዛን ሲቀመጡ ወላጅ የሚመርጠው ከውበትና ከዕውቀት አንዱን አይደለም። ልጁን የሚያውቀውን ሰፈር ለቆ የሚያስተምረውን ትምህርት ቤት እንዲያገኝ፣ ወይም የሚያስተምረውን ትቶ የሚያውቀውን እንዲይዝ ይገደዳል። ዛሬ ባለው ሁኔታ አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ቢልክ እኔ አልፈርድም፤ ተልኬ ነው እዚህ የደረስኩት። ነገር ግን ምርጫው ራሱ መኖር አልነበረበትም። የአገር ሊቃውንት የሚያስመሰክሩባት ጋይንት፣ ልጆቿ ለስምንተኛና ለዘጠነኛ ክፍል ስንቅ ተሸክመው የሚሰደዱባት መሆን አይገባትም።

ደብሩን ያቆየው ሕዝብ ትምህርት ቤቱንም ማቆየት ይችላል፤ መምህር የሚቀመጥበት ደመወዝ፣ ልጅ የሚይዘው መጽሐፍ፣ ክፍል የማይዘጋበት ሰላም ከተሰጠው። ይህን ጥያቄ ወላጆች በሰንበቴ፣ በዕድር፣ በወተመህ ማንሳት ይችላሉ። እኛ ደግሞ ብዕር ይዘናል። ቢያንስ ሁለቱን ታሪኮች አንድ ገጽ ላይ እናውጣቸው።

ቸር ይግጠመን።